ፒራሚዱ የጋረደው እቶን

ወደ ሱዳኗ መርዌ የሚጓዝ ጎብኚ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በነገሥታቱ ፒራሚዶች ላይ ነው። ከፒራሚዶቹ በስተምዕራብ፣ በጥንታዊቷ ከተማ ፍርስራሽ ዙሪያ የሚታዩት ጥቋቁር ጉብታዎች ግን ተራ ኮረብታ መስለው ይታለፋሉ። እነዚህ ጉብታዎች ብረት በእቶን ሲነጠር የተጣለው ዝቃጭ የቆለላቸው ናቸው። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ እንኳ ሰንጥቋቸው አልፏል።

እንግሊዛዊው ሊቅ አርኪባልድ ሴይስ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዝቃጩን ብዛት ተመልክቶ ስፍራውን የጥንታዊት አፍሪካ በርሚንግሃም ብሎ ሰየመው። ስያሜው ለክብር የታሰበ ቢሆንም ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ የመርዌን ጥበብ በባዕድ ከተማ ሚዛን ይለካል። ሁለተኛ፣ የግዙፍ ፋብሪካ ሥዕል በአንባቢው አእምሮ ይቀርጻል። በፒተር ሺኒ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በጄን ሃምፍሪስ በተመሩት ቁፋሮዎች የተገለጡት እቶኖች ግን በጡብ የተሠሩና በወናፍ የሚነፉ ትንንሽ ምድጃዎች ናቸው። ጉብታውን ያገዘፈው የእቶኑ ትልቅነት ሳይሆን፣ ከሺህ ዓመት በላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ሙያ ነው። የአንበሳው አምላክ የአጴዴማክ ቤተ መቅደስ የታነጸውም በዚሁ ዝቃጭ ክምር ላይ ነው።

ለግእዝ ጽሑፍ ወዳጅ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባና በካሱ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ሲያስቀርጽ፣ ሠራዊቱ ከወሰደው ምርኮ መካከል ብረትን ቆጥሯል። ምርኮው ተጻፈ፤ ብረቱን ያነጠረው እጅ ግን ስም አላገኘም። ማረሻውን ከቀጥቃጭ እየተቀበለ ቀጥቃጩን ቡዳ ሲል የኖረ ኅብረተሰብ ይህን ዝምታ ለመረዳት አይቸገርም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 መርዌን ከነጋና ከሙሳዋራት አስ ሱፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ የትኛው ቅርስ ቀድሞ ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ ክብደት አግኝቷል። ፒራሚዱ ቢጎዳ ዓለም ወዲያው ያየዋል፤ ጉብታው ቢናድ ግን አፈር የተዛቀ ይመስላል። ከንጉሡ መቃብር ጋር የሠራተኛውን ዝቃጭ እኩል የማይጠብቅ የቅርስ አያያዝ፣ ዘውዱን አስቀርቶ ዘውዱን ያቆመውን ሙያ ይጥላል።