የወሎንኮሚው ልጅና አቀንጭራ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲኬድ ወሎንኮሚ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እዚያ ነው። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር እሑድ በእግራቸው ይሄዱና ዓርብ ይመለሱ ነበር። ልጄ መማር አለበት ብለው የቆረጡት እናታቸው ናቸው፤ ምስጋናው ከእሳቸው ቢጀምር ደስ ይለኛል።

በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ በተቋቋሙት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ ኮሌጅ ተማሩ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ኢንዲያና በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በኋላም እዚያው መምህር ሆኑ።

የምርምራቸው አንዱ ዒላማ የማሽላ ጥገኛ አረም የሆነው አቀንጭራ ነበር። ሐምራዊ አበባው ዓይን ይስባል፤ ጥፋቱ ግን ከመሬት በታች ነው። እንደ አቧራ የደቀቀው ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃል፤ ሥሩ ላይ ተጣብቆም ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ገበሬው አረሙ ብቅ ሲል የሚያየው ሰብሉ ከተጎዳ በኋላ ነው። ገቢሳና የፐርዱ ባልደረቦቻቸው ይህን መቀስቀሻ አጥንተው አረሙን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አወጡ፤ ዘሩም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለበርካታ የአፍሪካ አገሮች ተዳረሰ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት፣ በ2023 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሰጣቸው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሱዳን ውስጥ የሠሩት ነው፤ ድርቅ የሚቋቋመውን ዲቃላ ማሽላ አውጥተው ብቻ አልተዉትም፣ የገበሬ ማኅበራት ዘሩን ራሳቸው አባዝተው እንዲሸጡ አብረው ደከሙ።