ጠበበ፣ አጠበበ፦ ስለ ማነስ የተጻፉ መጻሕፍት ከፎገራ ሜዳ ሲነበቡ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀናው አስፋልት ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ያልፋል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰውና በግንቦት ያየ ሰው ስለ አንድ አገር የሚያወሩ አይመስሉም። በነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ማሳው የት አልቆ ሐይቁ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። በግንቦት ያው ዋልካ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ሜዳው በየዓመቱ ሲሰፋና ሲጠብ ኖሯል። ስለዚህ እዚህ ቆሞ «ጠበበ» የሚል ሰው የትኛውን መጥበብ እንደሚናገር አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ቦታ ይጠባል፣ ሰውነት ይመነምናል፣ ጨርቅ ይሳሳል፣ ውሃ ይጎድላል፣ ቆዳ ይኮማተራል፣ ቡቃያ ይጫጫል፣ ልጅ ይቀነጭራል፣ ሰው በሰው ፊት ይሸማቀቃል። ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሟቸውን መዝገበ ቃላት ከፊቱ ዘርግቶ እነዚህን ግሦች ከነርባታቸው የሚከተል አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጠበበ ካለ አጠበበ አለ፤ መነመነ ካለ አመነመነ፣ ሳሳ ካለ አሳሳ፣ አነሰ ካለ አሳነሰ አለ። የመጀመሪያው ግሥ የሆነውን ይነግረናል፣ ሁለተኛው ያደረገውን ይጠራል። በጥናትና በሪፖርት ቋንቋችን ግን ይህ ሁሉ «ቀነሰ» በሚል አንድ ቃል ተተክቷል፤ የግጦሽ መሬት ቀነሰ፣ የዓሣ ምርት ቀነሰ፣ የከብት ቁጥር ቀነሰ ይባላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይነግረን ዓረፍተ ነገር ነው። የዚህ ዳሰሳ ክርክርም ይኸው ነው፦ ስለ ማነስ የተጻፈ መጽሐፍ የሚመዘነው ከ«ጠበበ» ወደ «አጠበበ» ለመሻገር ባሳየው ድፍረት ነው። ከማነሣቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ስለ ፎገራ የተጻፉ አይደሉም፤ ከፎገራ ሲነበቡ ግን የሚሉት አለ። (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከውሃው ልጀምር። በጣና ዳርቻ ክረምት አልፎ ውሃው ሲመለስ የሚታረሰው መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ቃሉ ውብ ነው፤ እርጥቡ ጭቃ ላይ ያለ ተጨማሪ ዝናብ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበትን ጊዜ በሁለት ቃል ይሥላል። ግን አሳሳችም ነው። ባሕሩ በገዛ እግሩ የሄደ ያስመስላል። በጥንቱ የወቅት ዑደት ይህ እውነት ነበር፤ ውሃው በጥቅምት ይሸሻል፣ በሐምሌ ይመለሳል። የወላላንና የሸሸርን ረግረጋማ ቦታዎች ነገር ስናይ ግን ቃሉ አይበቃም። በርብ አካባቢ የሚገኙት እነዚህ ሁለት ውሃ አዘል ቦታዎች ወንዙ ሲሞላ የሚሞሉ፣ አምባዛ የሚራባባቸው፣ ክረምት ጠግቦ ሲወጣ ወፍ የሚሰፍርባቸው የጣና ልጆች ነበሩ። ነጋሽ አጥናፉ፣ እሸቴ ደጀንና ያኮቡስ ፋይቨርበርግ በ2011 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ቦታዎች ይዞታና የተደቀነባቸውን አደጋ መርምረዋል። ውሃው ለመስኖ መሳቡን፣ ዳርቻው መታረሱን፣ ግጦሹ ከአቅም በላይ መሆኑን እየዘረዘሩ ምክንያት በምክንያት ይሄዳሉ። ይህን ጽሑፍ የማከብረው ስለዚህ ነው። ባሕሩ አልሸሸም፤ አሽሽተውታል። ያሸሸው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሽንኩርት ዘርቶ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር በብድር የገዛ ገበሬ ነው። «አጠበበ» የሚለውን ግሥ ለመጻፍ የሚያስቸግረን ይህ ይመስለኛል፤ አድራጊውን ስንጠራ የምንወደውን ሰው እንጠራለን።

የዓሣው ነገርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የአካባቢው ሰው «ነጭ ዓሣ» የሚለው የላቤኦባርበስ ወገን ጣና ውስጥ 15 ገደማ ዝርያ አለው፤ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ወገን ከጠፋ በኋላ በዓለም ላይ ሳይፈርስ የቀረ ብቸኛው የዚህ ዓይነት ስብስብ ተብሎ በሳይንሱ ዓለም ይጠቀሳል። የኔዘርላንዳውያኑ ናግልከርክ በ1997፣ ደ ግራፍ በ2003 ያቀረቧቸው የዶክትሬት ድርሳናት ስለዚህ ዓሣ ከተጻፉት ዋነኞቹ ናቸው። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ያሉትን ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ ሲገባ፣ መረቡ የተዘረጋው ዓሣው ለመውለድ በሚሰበሰብበት በወንዙ አፍ ነበር። «ዓሣው ሳሳ» ስንል ይህንን ትዕይንት፣ በደራሽ ውሃ መካከል ሽቅብ የሚታገለውን እናት ዓሣና አፉ ላይ የሚጠብቀውን መረብ፣ ከዓይናችን እናርቃለን።

አሁን ወደ ሩዙና ወደ ላሟ። የፎገራ ላም በነጭና በጥቁር ቡራቡሬ ቆዳዋ፣ በአጭር ቀንዷ፣ አንገቷ ሥር በሚወዛወዘው ሰፊ ቆዳዋ ከሩቅ ትለያለች። ረግረግ የማይበግራት፣ ለወተትም ለእርሻም የምትሆን ዘር ናት። ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ መንጋው ወደ ደጋው ጥግ ይወጣል፤ ውሃው ሲጎድል ለምለሙን ሣር ተከትሎ ይወርዳል። የሜዳው መስፋትና መጥበብ ለእሷ የኑሮ ሥርዓት ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ በጅግናና በሻጋ አምራች ማኅበራት ሲሞከር ያ ውሃ የበዛበት ሜዳ ሌላ ባለቤት አገኘ። እስከ ዛሬ በገበሬው ዘንድ የሚታወቀው «ኤክስ-ጅግና» የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። ሩዝ ቀስ ብሎ ከማኅበራቱ ወደ ግለሰብ ማሳ፣ ከማሳው ወደ ግጦሹ ተሻገረ። ወረታ የመፈልፈያ ወፍጮ ከተማ ሆነች፤ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ ገበሬው «ነጭ ወርቅ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ የሚገባው ነው። ሩዝ ፎገራን ከችግር ያወጣ ሰብል ነው፤ ይህንን የማይናገር ሂስ ሐቀኛ አይደለም።

እዚህ ላይ ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1963 ስለ ጃቫ ያሳተመው «አግሪካልቸራል ኢንቮሉሽን» የተባለው መጽሐፍ በግድ ይታወሳል። ጊርትዝ የሚለው፣ የሩዝ እርከን ተጨማሪ ሰው ባገኘ ቁጥር ተጨማሪ ምርት ስለሚሰጥ በደች ቅኝ ግዛት ሥር የበዛው ሕዝብ ከመሬቱ ሳይወጣ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ሄደ ነው። ምርት አድጓል፤ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ግን ባለበት ረግጧል፤ ድህነቱንም እኩል ተካፍለውታል። «ወደ ውስጥ መጠቅለል» ያልኩት ይህ ሐሳብ ከማነስ ትርጓሜዎች ሁሉ ረቂቁ ነው፤ እያደጉ ማነስ ነውና። ፎገራ ላይ ሲነበብ ግማሹ ይሠራል። ጥማድ መሬት ያላት ቤተሰብ በእጅ በማረም፣ ከሩዝ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ በመዝራት፣ ከዚያም በመስኖ ሽንኩርት በመትከል ከአንድ ማሳ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ታነሣለች። ግማሹ ግን አይሠራም። እንደ ቤንጃሚን ኋይት ያሉ ተቺዎች ጊርትዝን በጃቫ መንደር ውስጥ ያለውን መሬት አልባና ባለመሬት አላየም ብለው ከሰውታል፤ ያ ክስ ፎገራ ላይም ይጸናል። ሩዙ የእኩል አራሽ ውል፣ የቀን ሠራተኛ፣ የወፍጮ ባለቤትና ነጋዴ አምጥቷል። ጊርትዝ «ተጠቀለለ» ይላል፤ ማን ጠቀለለው፣ ማንስ ከጥቅልሉ ውጭ ቀረ የሚለውን አይጠይቅም። የወል ግጦሹ ሲታረስ ብዙ ላም የነበረውና ምንም ያልነበረው ገበሬ የከፈሉት ዋጋ አንድ አልነበረም።

ላሟ ወተቷን ይዛ ነው የሄደችው። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በእህል የሚታወቅ ክልል ነው ይህ። የወተቱን መሄድና የልጁን መቀንጨር በአንድ ክር ለመስፋት የሚያበቃ ማስረጃ አላቀርብም። ነገር ግን የሰብል ጥናቱ በአንድ ጥራዝ፣ የከብቱ በሌላ፣ የሕፃናቱ በሦስተኛ ሲጻፍ፣ ሦስቱ በአንድ ጎጆ ውስጥ እንደሚኖሩ የሚያስታውሰን መጽሐፍ ያስፈልገናል።

ስለ መሬት ማነስ የተጻፈው ከሁሉም የበለፀገ ነው። አለን ሆበን በ1973 ባሳተመው የጎጃም ደጋ ዳሞት ጥናቱ የርስትን ሥርዓት ሲተነትን፣ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ከየትኛውም አቅኚ አባት ቆጥሮ መሬት ሊጠይቅ እንደሚችል ያሳያል። በዚያ ዓለም የአንዱ ማሳ ሲጠብ የዘመዱ ይሰፋል፤ የጠበበበትም ትውልድ ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አሰልፎ፣ ተሟግቶ መልሶ ሊያሰፋ ይችላል። መጥበብ እንደ ፎገራ ውሃ ተመላላሽ ነበር ማለት ነው። ደሳለኝ ራህማቶ በ1984 በታተመው የደርግ መሬት ለውጥ ጥናቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጥበብ ያሳየናል። መሬት ለአራሹ ከሆነ በኋላ አዲስ ጎጆ ወጪ በመጣ ቁጥር ድርሻው ከነባሩ ላይ ይቆረሳል፤ እኩልነቱ በየጊዜው ወደ ታች እየተደላደለ ይሄዳል። የደሳለኝ ትልቅነት ጭሰኛውን ነፃ ያወጣውን አዋጅ ሳይክድ ይህንን መናገሩ ነው።

ከሦስቱ «አጠበበ» የሚለውን ግሥ በግልጽ የሚጽፈው ግን የኖርዌዩ የታሪክ ምሁር ስቬን ኢጌ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ ሰሜን ሸዋ ላይ ተከታትሎ በዚያው ዓመት ባሳተመው ጥናት፣ በደርግ ዘመን የቀበሌ ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት»፣ ከዚያ በፊት የነበሩት «ቅሪት ፊውዳል» ተብለው እንዴት እንደተለዩና መሬታቸው እንዴት እንደተቆረጠ ይተርካል። እዚህ መሬቱ በራሱ አልጠበበም፤ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ስም ተነቦ፣ ገመድ ተጥሎ ነው። የኢጌን መጽሐፍ ሳነብ ከመጥበቡ ጎን ሌላው ግሥ፣ መሸማቀቅ፣ ይታየኛል። በጎረቤቱ ፊት ቅጽል ተለጥፎበት የተቀመጠ አባወራ ያጣው ማሳ በጥማድ ይለካል፤ በሰንበቴና በዕድር ላይ ያጣው ድምፅ በምን እንደሚለካ መጽሐፉም አልነገረን።

የመጨረሻው ማነስ ከሁሉም ጸጥ ያለው ነው። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች የደንገል ታንኳ ሠሪዎች፣ ቀደም ሲልም የጉማሬ አዳኞች ናቸው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1770 አካባቢውን ሲያልፍ ወይጦዎች ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ሰማ፤ በ1790 በታተመው አምስት ጥራዝ የጉዞ መጽሐፉም ይህን አሠፈረ፤ አንድም የተጨበጠ መረጃ ግን አላገኘም። በ1907 የጻፈው የቋንቋ ምሁሩ ሚትቮኽ ያገኛቸው አማርኛ ሲናገሩ ነው። ሌላው የቋንቋ ምሁር ማርሴል ኮኸን በ1939 ባሳተመው ሥራው የሞተው ቋንቋ ቅሪት የሆኑ ጥቂት ቃላትን ለቅሟል። አንድ ሙሉ ቋንቋ በ170 ዓመት ውስጥ በገጽ የሚቆጠር የቃላት ዝርዝር ሆነ። ምሁራኑ «ቋንቋው ጠፋ» ብለው ጽፈዋል። ወይጦን ከማዕዱ ያራቀውን፣ የበላበትን ዕቃ የተጸየፈውን ጎረቤት ግን የቋንቋው ታሪክ ባለቤት አድርጎ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ጎረቤት የእኔና የአንባቢዬ አያት ነው። ዛሬ ደንገሉ ሲመነምን፣ ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭ ዳርቻውን ሲወርስ፣ ታንኳው የቋንቋውን መንገድ እየተከተለ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ፍርዴ ይህ ነው። ኢጌና የወላላ አጥኚዎች አድራጊውን ይጠራሉ፤ ደሳለኝ በጥንቃቄ ይጠቁማል፤ ጊርትዝ ይሸሸዋል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚከማቸው ሪፖርት አያውቀውም። ፎገራን የሚያጠና የጎንደር፣ የደብረ ታቦርም ሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጠይቁን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ወደ አማርኛ ከመመለሱ በፊት የሜዳውን ግሦች ቢለቅም እለምናለሁ፤ ማን አጠበበው፣ ማን አሳሳው፣ ማን አሸሸው ብሎ በእነሱው ይጠይቅ። ጊዜው አጭር ነው። ሩዝ ጅግና ላይ ሲዘራ ወጣት የነበሩት፣ መንጋ ነድተው ወደ ሜዳው የወረዱት ሰዎች ዛሬ አዛውንት ናቸው። ሩዙ ወረታ ላይ የራሱ ብሔራዊ የምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለው። የፎገራ ላም ግን ዘሯ እንዲጠበቅ ስትራባ የቆየችው ከፎገራ ርቃ፣ ከጣና በስተ ደቡብ፣ በአንዳሳ የምርምር ማዕከልና በጓንጓው የመተከል ርባታ ጣቢያ ነው።