የጥሩር ክብደትና የምርጫ ዋጋ

ጥሩር የጦረኛን ገላ ከስለት ለመከላከል የተሠራ የብረት ልብስ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥበቃውን በነጻ አይለግስም። የለበሰውን ሰው ይከብደዋል፤ እርምጃውን ያዘገየዋል፤ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ዳዊት ጎልያድን ለመግጠም ሲሰናዳ በሳኦል ጥሩር መራመድ ቢያቅተው አውልቆ ወንጭፉን መያዙ የዚሁ እውነት ጥንታዊ ምስክር ነው። ምናባዊ ዓለምን መድረክ ያደረጉ፣ ተጫዋቹም የአንድን ገጸ ባሕሪ ሚና ይዞ የሚዘልቅባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ከሚመዘኑባቸው ነጥቦች አንዱ እዚህ ላይ ይገኛል። ለጥበቃ የሚከፈለው ዋጋ ተጫዋቹን እንዲሰማው ያደርጋሉ ወይስ ይሰውሩበታል?

የዚህ ዘርፍ ምንጭ የሆነውና ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘው የገበታ ጨዋታ ጉዳዩን ከመነሻው ተገንዝቦት ነበር። ከባድ ጥሩር የለበሰ ገጸ ባሕሪ ለመመታት አስቸጋሪ ቢሆንም በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት ካልለበሰው ያነሰ ነው። ድንጋጌው ቀላል ይምሰል እንጂ ድራማ የሚወልድ ነው፤ በጥሩሩ የሚተማመነው ጦረኛ መሸሽ ባስፈለገው ሰዓት ያው መከታው ጠላት ይሆንበታልና።

በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረቡ ሁለት ሥራዎች ይህን ውርስ የያዙበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። የአሜሪካው ቤቴስዳ ኩባንያ ያዘጋጀው «ስካይሪም» ጥሩርን ቀላልና ከባድ ብሎ ይከፍላል። በመጀመሪያ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ግን ይሟሟል። ከባድ ጥሩር የመልበስ ሙያው 70 የደረሰለት ተጫዋች የለበሰው ብረት ምንም እንዳይመዝን የሚያደርግ ችሎታ መምረጥ ይችላል። በሌላ በኩል ጥሩር ከጉዳት የሚቀንሰው መጠን ከ80 በመቶ ስለማያልፍ፣ አንጥረኛነትን ያዳበረ ተጫዋችም ቀላሉን ጥሩር እያሻሻለ እዚያው ጣሪያ ስለሚያደርሰው፣ ሁለቱ መንገዶች ከአንድ ደጃፍ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ የጥሩሩ መልክ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዘንዶ አጥንት የተሠራ ጥሩር የተሸከመ ሰው ቆዳ እንደለበሰ ሰው ሲሮጥ ቅርጽ ከይዘት ተፋትቷል ማለት ነው።

በአንጻሩ በጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ኩባንያ፣ በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት የተዘጋጀው «ዳርክ ሶልስ» ክብደትን የሥራው ቋንቋ አድርጎታል። የለበሰውና የታጠቀው ሁሉ ከመሸከም አቅሙ 25 በመቶ ያልበለጠ ገጸ ባሕሪ በፍጥነት ተንከባልሎ ከስለት ያመልጣል፤ እስከ 50 በመቶ የተሸከመው ዘግየት ይላል፤ ከዚያ ያለፈው ደግሞ እንደ ግንድ ተገልብጦ ለመነሳት ይቸገራል። ለዚህ ዋጋ ከባዱ ጥሩር የሚመልሰው ጽናትን ነው፤ ቀላል ለባሹን የሚያንገዳግደው ምት ከባድ ለባሹን ከስፍራው አያናውጠውም። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ጥሩር ይበልጣል የሚል አይደለም፤ ማምለጥን የመረጠ ሰው አለ፤ ጸንቶ መቆምን የመረጠ ሰው አለ። ተጫዋቹ ጥሩሩን በመረጠ ቁጥር የገጸ ባሕሪውን ጠባይ ይቀርጻል።

ይህ ሲባል ሥራው እንከን አልባ ነው ለማለት አይደለም። ብርታት የሚለካበት አንዱ ነጥብ ትንፋሽንም የመሸከም አቅምንም አብሮ ያሳድጋል፤ የመሸከም አቅምን በግማሽ የሚጨምር ቀለበትም አለ። በመሆኑም ብልኅ ተጫዋች ዓለት የሚመስለውን የሃቬልን ጥሩር አጥልቆ ከዕዳው የሚያመልጥበት ቀዳዳ አያጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ክፍል ትንፋሽንና የመሸከም አቅምን በየራሳቸው መለኪያ መለየቱ ይህን ቀዳዳ የሚያጠብ ተገቢ እርምት ነው።

ሚዛን ሲባል አሃዝን ከአሃዝ ማስተካከል ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትርፍ የራሱን ኪሳራ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። «ስካይሪም» ለተጫዋቹ ሰፊ ዓለምና ብዙ ነጻነት መስጠቱ አይካድም። ነገር ግን ሁሉን የሚሰጥ፣ ምንም የማያስከፍል ነጻነት ምርጫን ትርጉም ያሳጣዋል። ጥሩር ሠሪው አንጥረኛ የብረቱን ውፍረት ሲወስን የለባሹን ጉልበት እንደሚያስብ ሁሉ፣ የጨዋታ ደራሲም ጥበቃን ሲያድል ሸክሙን መዘንጋት አይገባውም።