ከሙያ ትግል ኮከቦች ዐውራው ማን ነው?

በተማሪዎች መካከል የሚነሡ ክርክሮች ብዙውን ጊዜ የሚረዝሙት የተከራካሪዎቹ ዕውቀት ስለ በዛ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ተከራካሪ መለኪያውን ሳይገልጥ ስለሚናገር ነው። በሙያ ትግል፣ ማለትም ብዙዎቻችን ሬስሊንግ እያልን በምንጠራው ትርኢት፣ ከኮከቦቹ ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? የሚለውም ክርክር እንዲሁ ነው። አንዱ ሀልክ ሆገን ይላል፤ ሁለተኛው ብሩኖ ሳማርቲኖን ያነሣል፤ ሦስተኛው ባለጭምብሉን ኤል ሳንቶን ይጠራል። ሁሉም የየራሱ ማስረጃ አለው፤ ነገር ግን አንዱ በክንድ፣ አንዱ በስንዝር፣ አንዱም በእርምጃ ስለሚለካ ልካቸው ሊገናኝ አልቻለም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ አስቀድመን መለኪያውን መርምረን፣ ቀጥሎ ፍርዳችንን ለመስጠት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነበት ግጥሚያ ምን ያከራክራል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1989 ታላቁ የአሜሪካ የትግል ድርጅት ራሱ፣ ከስፖርት ተቈጣጣሪዎች እጅ ለመውጣት ሲል፣ ሥራው መዝናኛ እንጂ እውነተኛ ውድድር አለመሆኑን ለኒው ጀርሲ ሴኔት አስታውቋል። ይሁን እንጂ የቴአትርም ፍጻሜ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ በዚህ ምክንያት ተዋናዮች አይበላለጡም የሚል ግን የለም። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው የድርሰቶች ስብስብ ውስጥ ትግልን ከቦክስ ለይቶ እንደ ትርኢት መርምሮታል። በእርሱ አስተያየት የትግል ተመልካች የሚሻው አሸናፊውን መገመት ሳይሆን፣ ሥቃይና ሽንፈት፣ ፍትሕም ጭምር፣ በግልጽ ሲታዩ ማየት ነው። ይህን ከተቀበልን፣ ጥያቄያችን «ማን ብርቱ ነው?» መሆኑ ይቀርና «ሕዝብ ሊያየው የናፈቀውን ነገር ከሁሉ ይልቅ በራሱ ገላ ያሳየ ማን ነው?» ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ነገር፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶ መለኪያ ሊሆን አለመቻሉ ነው። ቀበቶውን የሚሰጠውም የሚነሣውም የግጥሚያው አዘጋጅ ነው። ቀበቶ ቈጥሮ ማበላለጥ፣ በብዙ ቴአትር ንጉሥ ሆኖ የተጫወተውን ሰው ከተዋናዮች ሁሉ የላቀ ነው እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው መለኪያ የተመልካች ብዛት ነው። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ቲኬት የሚገዛ ሰው በገዛ ገንዘቡ ይመሰክራልና። ነገር ግን ቍጥሩን የሚነግረን ማን ነው? ሆገን በማርች 29 ቀን 1987 አንድሬ ዘ ጃያንትን በፖንቲያክ ስታዲየም በገጠመ ጊዜ 93,173 ሰው ተገኘ ተብሎ ታወጀ፤ ሙያውን የሚከታተሉ ጸሐፊዎች ግን 78,000 ገደማ ነበር ብለው ተከራክረዋል። ሻጭ ስለ ራሱ ገበያ የሚሰጠው ምስክርነት ሁልጊዜ ማጣሪያ ያሻዋል።

ስለዚህ እኛ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። ይኸውም፦ ከእርሱ በፊት ሙያው በአገሩ ምን ያህል ሥር ነበረው? በእርሱ ዘመን ሕዝቡ በእርሱ ውስጥ ምን አየ? ከእርሱስ በኋላ ምን ቀረ?

በመጀመሪያ ሳማርቲኖን እንመልከት። በ1935 በኢጣሊያ አገር በፒትሶፌራቶ ተወለደ፤ ሕፃን ሳለ ከእናቱ ጋር ከጀርመን ወታደሮች ሸሽቶ በተራራ ላይ ተደበቀ፤ በ1950 ወደ አሜሪካ ሄዶ በፒትስበርግ ተቀመጠ። በሜይ 17 ቀን 1963 ባዲ ሮጀርስን በ48 ሰከንድ ጥሎ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ማዕርጉን ይዞ ቈየ። በጃንዋሪ 18 ቀን 1971 በኢቫን ኮሎፍ ሲሸነፍ፣ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የነበረው ሕዝብ ፍጹም ዝም አለ። ሳማርቲኖ ራሱ ያን ጊዜ ጆሮው የደነቈረ እንደ መሰለው ተናግሯል። ይህ ዝምታ ከማናቸውም ጭብጨባ የበለጠ ምስክር ነው። ቢሆንም ሳማርቲኖ በዋናነት የአንድ ክፍለ አገር፣ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኮከብ ነበር፤ ሙያውንም ቤቱ ተሠርቶ፣ እሳቱ ነዶ አገኘው።

ሆገን ይህን ወሰን አፈረሰ። በጃንዋሪ 1984 ኢራናዊውን አይረን ሺክን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች የታገቱበት ጊዜ ከአሜሪካውያን ልብ ገና አልወጣም ነበር። በየክፍለ አገሩ ተበታትኖ የነበረው ትግል በእርሱ ስም የመላው አሜሪካ፣ ቀጥሎም የብዙ አገሮች ትርኢት ሆነ። በፌብሩዋሪ 1988 እርሱና አንድሬ ሲገጥሙ 33 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በቴሌቪዥን ተመልክቷል። ስለ ዝናው ስፋት የሚከራከረን የለም። ነገር ግን ያ ስፋት የእርሱ ብቻ ነውን? የኬብል ቴሌቪዥን መስፋፋትና የአዘጋጁ የቪንስ ማክማሃን ድፍረት ከሒሳቡ ሲቀነሱ፣ የሆገን ድርሻ ትልቅ ሆኖ ይቀራል እንጂ ብቸኛ አይሆንም።

ኤል ሳንቶን በተመለከተ ፍርዱ ይከብዳል። ሮዶልፎ ጉስማን ኡዌርታ የብር ቀለም ያለውን ጭምብል ለብሶ በሜክሲኮ ከተማ በ1942 ወደ መድረክ ወጣ። ከ1952 ጀምሮ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ተጻፈለት፤ ከ50 በላይ በሆኑ ፊልሞች ተጫወተ፤ በ1984 ሲሞት ከነጭምብሉ ተቀበረ። ለሜክሲኮ ድኻ ሕዝብ ፊት የሌለው፣ ስለዚህም የሁሉ ፊት ሊሆን የሚችል ጀግና ነበር። ዳሩ ግን የሜክሲኮን ትግል ሳልቫዶር ሉቴሮት በ1933 አቋቁሞት ስለ ነበረ፣ ሳንቶ በዚያ ዛፍ ላይ ያፈራ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ነው እንጂ ተካዩ አይደለም።

በሦስቱም ጥያቄዎች ያለ ማመንታት የሚያልፈው፣ በክርክራችን ስሙ እምብዛም ያልተጠራው ጃፓናዊ ኮከብ ሪኪዶዛን ነው። ይህ ሰው ቀድሞ የሱሞ ታጋይ ነበር፤ በ1950 ሱሞን ትቶ በ1951 ወደ ሙያ ትግል ገባ፤ በ1953 የራሱን ማኅበር መሠረተ። ከዚያ በፊት በጃፓን ሙከራ እንጂ ሥር የሰደደ የሙያ ትግል አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1954 እርሱና የጁዶው ሊቅ ማሳሂኮ ኪሙራ የሻርፕ ወንድማማቾችን በቶኪዮ ገጠሙ። ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ፣ በአሜሪካ ጦር ሥር ኖራ፣ ነጻነቷን ካገኘች ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ቴሌቪዥን በቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ በየአደባባዩ በተተከሉት ቴሌቪዥኖች ፊት በብዙ ሺህ ተሰበሰበ። ረጃጅሞቹ «አሜሪካውያን» በሪኪዶዛን የእጅ መዳፍ ሲመቱና ሲንገዳገዱ ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ ተደሰተ። በ1957 ከሉ ቴዝ ጋር 60 ደቂቃ ታግሎ እኩል ሲወጣ፣ የቴሌቪዥን ተመልካች መጠን 87 ከመቶ ደርሶ ነበር። በዲሴምበር 1963 በምሽት ክበብ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ በ39 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራው ግን አልሞተም። ደቀ መዛሙርቱ ጃያንት ባባና አንቶኒዮ ኢኖኪ በ1972 የመሠረቷቸው ሁለት ድርጅቶች ዛሬም አሉ። ሦስተኛው ደቀ መዝሙሩ ኪም ኢል ደግሞ ትግልን በደቡብ ኮሪያ የሕዝብ ፍቅር አደረገው።

እንግዲህ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ በፍርዳችን ላይ የሚነሡትን ሁለት መቃወሚያዎች ራሳችን እናቅርብ። የመጀመሪያው በዲሴምበር 1954 ኪሙራን ያሸነፈበት ግጥሚያ ነው። ኪሙራ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ግጥሚያው እኩል ለእኩል እንዲያልቅ ተስማምተው ሳለ ሪኪዶዛን ቃሉን አፍርሶ ከምር መታው። ነገሩ ኪሙራ እንዳለው ከሆነ፣ በዚህ ሥራው ልናመሰግነው አንችልም። የትግል ሙያ የሚቆመው እያንዳንዱ ታጋይ ገላውን ለባላጋራው አምኖ በመስጠቱ ነውና፣ ያን እምነት ማፍረስ ከማናቸውም የመድረክ ተንኰል የከፋ ነው። ታላቅ ኮከብ መሆን ደግ ሰው መሆን አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበናል። ሪኪዶዛን የተወለደው በጃፓን ሳይሆን፣ በዚያን ጊዜ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በኮሪያ ነው፤ የልደት ስሙም ኪም ሲን ራክ ነበር። ለሕዝብ የሚነገረው ግን የናጋሳኪ አውራጃ ሰው መሆኑ ነበር። በዚያ ዘመን በጃፓን የሚኖር ኮሪያዊ የተናቀ ነበርና፣ እውነቱ ቢነገር ያ ሁሉ ጭብጨባ ባልተሰማ ነበር ብለን እናምናለን። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ፣ ሻርፕ ወንድማማቾችም አሜሪካውያን ሳይሆኑ ካናዳውያን መሆናቸው ነው። እንግዲህ ያ በአደባባይ የተሰበሰበ ሕዝብ፣ ጃፓን በአሜሪካ ላይ ስትበረታ ያየ መስሎት የተደሰተው፣ አንድ ኮሪያዊ ሁለት ካናዳውያንን ሲመታ ተመልክቶ ነው።

ታዲያ ይህ የሪኪዶዛንን ታላቅነት ይቀንሳልን? በእኛ አስተያየት አይቀንስም። ሳንቶ ጭምብሉን ለብሶ ሲወጣ ጭምብል መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሪኪዶዛን ግን በአደባባይም በቤቱም ሊያወልቀው የማይችለውን ጭምብል ለብሶ ኖረ፤ ያንንም ጭምብል የሰፋለት የተመልካቹ ንቀት ነበር። ስለዚህ ከኮከቦች ሁሉ ዐውራው እርሱ ነው ብለን ስንፈርድ፣ ምስጢሩን ከታሪኩ ነጥለን ሳይሆን ከነምስጢሩ ነው። ሕዝብ በጀግናው ውስጥ ራሱን ያያል፤ ጀግናው ማን መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። በዚህ ፍርድ የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር መልሱን በደስታ እንቀበላለን፤ አስቀድሞ ግን መለኪያውን እንዲነግረን እንለምናለን።