ትልቁ ሸራና ትንሿ ምስል

የአንድን አገር ልደት በሥዕል ለመግለጽ የሚነሣ ሠዓሊ ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንደኛው ታሪክ ነው፣ ሁለተኛው ሥራውን አዝዞ ዋጋውን የሚከፍለው መንግሥት ነው። የሁለቱ ፍላጎት ሲገጥም ሥራው ይቀናል። ሲቃረን ግን ሠዓሊው ለየትኛው እንዳደላ የሚመሰክርበት ራሱ ሸራው ነው። በዋሽንግተን ከተማ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ክብ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለው የጆን ትራምቡል «የነፃነት አዋጅ» ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቸ ሥራ ነው። የምርመራችንም መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው ተፈጥረዋል የሚለውን ሐሳብ ይህ ሥዕል በእርግጥ አሳይቶናልን? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትራምቡል በነፃነቱ ጦርነት መጀመሪያ ላይ የጆርጅ ዋሽንግተን ረዳት መኮንን ሆኖ ያገለገለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮም የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣ ሠዓሊ ነበር። የሥዕሉን ሐሳብ የጠነሰሰው በ1786 ፓሪስ ውስጥ፣ በጊዜው በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ በነበረው በቶማስ ጀፈርሰን መኖሪያ ነው። ጀፈርሰን የጉባኤውን አዳራሽ አቀማመጥ ከትዝታው ነድፎ ሰጥቶታል። ምክር ቤቱ በ1817 አራት ታላላቅ የታሪክ ሥዕሎችን በ32,000 ዶላር ዋጋ ሲያዝ ይህ አንዱ ሆነ። ቁመቱ 12 ጫማ፣ ወርዱ 18 ጫማ ሆኖ ተሠርቶ በ1826 በስፍራው ተሰቀለ። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ በሁለት ዶላር ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል።

ስለ ቅርፁ አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። በሸራው ላይ 47 ሰዎች ይታያሉ። አብዛኞቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ አምስቱ የአርቃቂ ኮሚቴ አባላት ግን ከመካከል ቆመዋል። ከእነርሱም መካከል ቁመተ ረጅሙ ጀፈርሰን ረቂቁን ለሰብሳቢው ለጆን ሃንኮክ ያቀርባል። የተመልካቹ ዓይን በጭንቅላቶቹ ረድፍ ላይ ተጉዞ ከዚያች ወረቀት ላይ ያርፋል። የቨርጂኒያው እንደራሴ ጆን ራንዶልፍ በሥዕሉ ላይ በሚታዩት እግሮች ብዛት መሳለቁ ይታወቃል። ነገር ግን ትራምቡል በሕይወት ከነበሩት ብዙዎቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሣለ በመሆኑ፣ የእያንዳንዱ ፊት የራሱ ጠባይ አለው። በመልክ ሥዕል ችሎታው የሚታማ አይደለም።

ብዙ ሰዎች ይህን ሥዕል የፊርማው ሥነ ሥርዓት አድርገው ይወስዱታል፤ አይደለም። የሚያሳየው ረቂቁ ለጉባኤው የቀረበበትን ጁን 28 ቀን 1776 ነው። ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 2፣ ጽሑፉ የጸደቀው ጁላይ 4፣ አብዛኞቹ የፈረሙትም ኦገስት 2 ነው። ከ56ቱ ፈራሚዎች በሸራው ላይ ያሉት 42 ሲሆኑ፣ የቀሩት አምስቱ ፈጽሞ ያልፈረሙ ናቸው። ሠዓሊው በአንድ ቀን በአንድ አዳራሽ ያልተገናኙትን ሰዎች አገናኝቷል። ይህን እንደ ስሕተት የሚቆጥሩበት አሉ። የታሪክ ሥዕል ግን ቃለ ጉባኤ አይደለምና በዚህ አንከስሰውም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ያልነበረውን የመጨመር ነፃነት ለራሱ የሰጠ ሠዓሊ፣ የነበረውን ሲተው የተወው በምርጫው ነው።

በዚያ ክረምት ፊላዴልፊያ ውስጥ ጀፈርሰንን ያገለግል የነበረው ሮበርት ሄሚንግስ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ በባርነት የተያዘ። ትራምቡል ሥዕሉን በጠነሰሰበት የፓሪስ ቤትም የሮበርት ወንድም ጄምስ ሄሚንግስ በዚያው በባርነት ሥር ሆኖ የፈረንሳይን ምግብ አሠራር ይማር ነበር። ጀፈርሰን በሕይወቱ ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ትራምቡል ጥቁር ሰው መሣል አያውቅም እንዳይባል፣ በ1780 በሠራው የዋሽንግተን ምስልና በ1786 በሠራው የባንከር ሂል ጦርነት ሥዕል ላይ ጥቁር ሰዎችን አስገብቷል። በሁለቱም ግን ስፍራቸው ከነጭ መኮንን ኋላ ነው። በአዋጁ ሥዕል ላይ ያ የኋላ ስፍራ እንኳ ጠፋ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የመረጠው ዕለት ነው። በጁን 28 በቀረበው ረቂቅ ውስጥ የእንግሊዝ ንጉሥ በባሪያ ንግድ የሚወገዝበት ረጅም አንቀጽ ነበር። ጉባኤው በቀጥለው ሳምንት ሰረዘው፤ የተሰረዘውም ደቡብ ካሮላይናንና ጆርጂያን ለማስደሰት እንደሆነ ጀፈርሰን ራሱ ጽፏል። የአገሩን ነባር ሕዝቦች ጨካኝ አረመኔዎች የሚለው ክስ ግን ሳይነካ አለፈ። እንግዲህ በሸራው መካከል የምትታየው ወረቀት ያ አንቀጽ ገና ያልተሰረዘባት ወረቀት ናት። ቅራኔው በዚያች ቅጽበት በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከፊት ያለውም ሳምንት የክርክር ሳምንት ነበር። ትራምቡል ግን የሣለው ጸጥታን ነው። የሥዕሉ ዋና ድካምም ይኸው ነው፤ ይዘቱ ትግል ሆኖ ሳለ ቅርፁ ሥነ ሥርዓት ሆነ።

ከዚህ ግዙፍ ሸራ ጎን አንዲት በእጅ መዳፍ የምትያዝ ምስል እናስቀምጥ። በማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ትገኛለች፤ በ1811 ሱዛን ሪድሊ ሴጅዊክ በዝሆን ጥርስ ላይ በውሃ ቀለም የሠራቻት ናት። ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች፣ ነጭ ቆብ የደፋች፣ የወርቅ ዶቃ በአንገቷ ያሰረች አንዲት ጥቁር አሮጊት ቀጥ ብላ ታየናለች። ስሟ ኤሊዛቤት ፍሪማን ነው። በ1781 ቤት ትባል በነበረ ጊዜ፣ ብሮም ከሚባል በባርነት ከተያዘ ሰው ጋር ሆና ጌታዋን ጆን አሽሊን በፍርድ ቤት ከሰሰች። መከራከሪያዋም ሰዎች ሁሉ ነፃና እኩል ሆነው ይወለዳሉ የሚለው የ1780 የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ነበር። ረታች፤ 30 ሽልንግም ካሣ ተፈረደ። ከዚያ በኋላ ፍሪማን፣ ማለት ነፃ ሰው፣ ተብላ ተጠራች። በጠበቃዋ በቴዎዶር ሴጅዊክ ቤት በደመወዝ ሠርታለች፤ ሠዓሊዋም የጠበቃው ምራት ናት።

ያን ሕገ መንግሥት በዋነኛነት ያረቀቀው ጆን አዳምስ በትራምቡል ሸራ መካከል ከቆሙት አምስቱ አንዱ ነው። ቃሉን በጻፈውና ቃሉን በሥራ ላይ ባዋለችው መካከል ያለው ርቀት በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው ርቀት ነው። በትልቁ ሸራ ላይ እኩልነት ከባለ ርስት ወደ ባለ ርስት የሚተላለፍ ወረቀት ነው። በትንሿ ምስል ላይ ግን እኩልነት ፊት አለው። የእጅ ሥራዋ ከትራምቡል ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጀማሪ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ሆኖም የአዋጁን ሐሳብ በሥዕል ያሳየችው እርሷ ናት ብንል አልተሳሳትንም።

በ2019 አንድ የፊልም ሠሪ በትራምቡል ሥዕል ቅጂ ላይ ባሪያ በያዙት ሰዎች ፊት ላይ ሁሉ ቀይ ነጥብ አኖረ፤ ከ47ቱ 34ቱ ተሸፈኑ። ትምህርት ሰጪ ሥራ ነው። ነገር ግን ሲጨርስም የምናየው እነዚያኑ 47 ሰዎች ነው፤ ሮበርት ሄሚንግስ አሁንም ከበሩ ውጭ ነው። ክስ ብቻውን የጎደለውን አይሞላም። ፍሬደሪክ ዳግላስ ይህን ቀድሞ ተረድቶት ነበር። ከባርነት ያመለጠው ይህ ተናጋሪ ጁላይ 5 ቀን 1852 በሮቸስተር ባደረገው ንግግር የበዓሉን ግብዝነት ያለ ርኅራኄ ገለጠ፤ የአዋጁን መርሖዎች ግን አልጣለም። መርሖዎቹን ይዞ አክባሪ ነን ባዮቹን ተፋረደባቸው።

ስለዚህ ትልቁ ሸራ ይውረድ አንልም። በባርነት የተያዙ ሠራተኞች ጭምር በገነቡት ሕንፃ ውስጥ መሰቀሉ ራሱ ሊነበብ የሚገባው ታሪክ ነው። መምህራን ሲያስተምሩበት ግን ትንሿን ምስል ከጎኑ ያኑሩ። ታላቅ ቀን እንዲሥሉ የሚታዘዙ ሠዓሊዎችም በጠረጴዛው ዙሪያ ማን ተቀመጠ ብለው ከመጀመራቸው በፊት፣ በሩን የከፈተው፣ ፈረሱን የያዘው፣ ምግቡን ያበሰለው ማን እንደነበረ ይጠይቁ። ያ ቃል በማን ሕይወት ውስጥ እንደሚፈተን የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነውና።