ባዶ ቦታና መተላለፊያ፤ ስለ ዳርሲ የአሸዋ ሙከራ የቀረበ ሒስ

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ስለ ዲዦን ከተማ የሕዝብ ምንጮች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1856 ታተመ። የከርሰ ምድር ውሃ ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ሕግ የተገኘው በዚሁ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከተጨመረው ማስታወሻ ነው። ሕጉ አዘውትሮ ይጠቀሳል፤ መጽሐፉ ግን ሲመረመር እምብዛም አይታይም።

የመጽሐፉ ብርታት ጥንቃቄው ነው። ዳርሲ 0.35 ሜትር የጎን ስፋት ባለው ቧንቧ አሸዋ ሞልቶ ውሃ ካሳለፈበት በኋላ፥ የሚወጣው ውሃ በግፊቱ ልክ እንደሚበዛና አሸዋው በወፈረ መጠን እንደሚያንስ ደመደመ። ይህንንም የተናገረው ዓይነቱ አንድ ስለ ሆነ አሸዋ ብቻ ነው። የአሸዋው ባዶ ቦታ ከመቶ 38 ያህል መሆኑን መዝግቦ ሳለ፥ ይህን ቊጥር በቀመሩ ውስጥ አላስገባም። ደግ አደረገ፤ ባዶ ቦታ መያዝ ሌላ፥ ውሃ ማሳለፍ ሌላ ነውና። ለዚህም የአገራችን ዋልካ አፈር ምስክር ነው። ባዶ ቦታው ከአሸዋ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባቦች ስለ ሆኑ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። አረፋ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ካልተገናኙ፥ ብዛታቸው ብቻውን ውሃ አያሳልፍም።

ጉድለቱስ ምንድን ነው? ዳርሲ የማሳለፍን ኃይል ሁሉ በአንድ ፊደል ጠቀለለው። በዚያች ፊደል ውስጥ የአሸዋውና የውሃው ጠባይ ተደባልቀዋል። ውሃ ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ውስጣዊ ሰበቃው ስለሚቀንስ፥ ያው አሸዋ ከመቶ 30 ያህል የበለጠ ውሃ ያሳልፋል። እንግዲህ አሸዋው ሳይለወጥ ቊጥሩ ተለወጠ ማለት ነው። ፖይሴይል የተባለው ሐኪም ሙቀት በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚያመጣውን ለውጥ አስቀድሞ ስላጠና፥ ነገሩ ለዘመኑ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1933 በነዳጅ ዘይት ተመራማሪዎች የተደነገገውና በዳርሲ ስም የተጠራው መለኪያ ግን የፈሳሹን ሰበቃ ከድንጋዩ ጠባይ ለይቶ ያስቀምጣል።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ውሃ በስንጥቆቹ በኩል ለሚያልፍበት ባዛልት ከአሸዋ የተገኘ ቊጥር የሰጠ ሰው ጉድጓዱን በከንቱ ሊያስቆፍር ይችላል፤ ዕዳውም የሚወድቀው ውሃ በሚጠብቀው ሕዝብ ላይ ነው። ስለዚህ ቀመሩን የምንቀዳ ሁሉ ደራሲው ያበጀለትን ወሰንም አብረን ልንቀዳ ይገባናል።