ማሪና ሲቲን በገዢ ዓይን

ስለ ሕንፃ የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚጻፍ ነው። ጸሐፊው ከወንዙ ወዲያ ቆሞ አንገቱን ያቀናል፣ ቅርፁን ያደንቃል ወይም ያጣጥላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቺካጎ መሀል ከተማ፣ ወንዝ ዳር ስለቆሙት የማሪና ሲቲ መንትያ ማማዎች የተባለው አብዛኛው ነገር የዚህ ዓይነት ነው። በቆሎ ይመስላሉ ይባላል። ይመስላሉም፤ ፍሬው ጢቅ ብሎ የተደረደረ እሸት በቆሎ። ዊልኮ የሚባለው የከተማው ባንድ በ2002 ባወጣው አልበም ሽፋን ላይ አሉ። የስቲቭ ማክዊን የመጨረሻ ፊልም በሆነው በ1980ው «ዘ ሀንተር» ውስጥ ከፎቅ ተወርውሮ ወንዝ ውስጥ የሚገባው መኪናም የሚወረወረው ከዚሁ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ አንዴ ልናገርና ልለፍ።)

እኔና ባለቤቴ እዚያ ውስጥ አንዲት ባለ አንድ መኝታ ቤት ለመግዛት ካሰብን ወዲህ ግን ሕንፃውን የማይበት ዓይን ተለውጧል። የአሥራ አራት ዓመት ጥሪት ነው፤ ሌላ የለንም። ሂስ ስጽፍ የኖርኩት ስለ መጻሕፍት ነው። መጥፎ ልብ ወለድ ቢበዛ አንድ ቅዳሜ ያስከፍላል፤ ቤት የ30 ዓመት የባንክ ዕዳ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ዝም ብሎ አያደንቅም፤ ገጽ በገጽ ያነባል።

ማማዎቹን የነደፈው በርትራንድ ጎልድበርግ ነው። የቺካጎ ልጅ ነው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ሄዶ ባውሃውስ ተምሯል፣ በርሊን ውስጥም በሚስ ቫን ደር ሮህ ቢሮ ለጥቂት ጊዜ ሠርቷል። ሚስ የቀጥታ መስመር ጌታ ነው፤ ብረትና መስተዋት፣ ሳጥን በሳጥን። ዕድል ሆኖ ከማሪና ሲቲ ጎን፣ መንገድ ብቻ ተሻግሮ፣ ሚስ በ1969 ካረፈ በኋላ ያለቀው ጥቁሩ የአይቢኤም ሕንፃ ቆሟል። መምህሩ ሳጥን፣ ተማሪው ክብ፣ ጎን ለጎን። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሥነ ሕንፃ ክርክር በነፃ ያያል።

ከቅርፁ ይልቅ እኔን የገረመኝ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ሕንፃውን ያሠራው የጽዳትና የሊፍት ሠራተኞች የሙያ ማኅበር ነው፤ መሪያቸው ዊልያም ማክፌትሪጅ ይባል ነበር። ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። በ1950ዎቹ ነጮቹ ቤተሰቦች ከተማውን ለቀው ወደ ዳርቻው እየጎረፉ ነበር። መሀል ከተማው ባዶ ከቀረ ሊፍት የሚነዳ፣ ደረጃ የሚጠርግ፣ ማሞቂያ የሚጠብቅ ሰው እንጀራው ይዘጋል። ስለዚህ ማኅበሩ ሰው ወደ መሀል ከተማ የሚመልስ ሕንፃ እንዲቆም ገንዘቡን አወጣ። ጠራጊው ነው እንግዲህ ያሠራው። ባለቤቴ አሜሪካ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው መሀል ከተማ መኪና ማቆም ስለነበር ይህን ታሪክ በነገርኩት ቀን ትንሽ ዝም አለና «በል፣ እንግዲያው የኛ ሕንፃ ነው» አለ። ውሳኔያችን ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር የሠራውን ያህል የወለድ ምጣኔው አልሠራም።

ግንባታው በ1960 ተጀመረ። እያንዳንዱ ማማ 65 ፎቅ፣ 179 ሜትር ነው፤ ሲያልቁ በዓለም ረጃጅሞቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች ነበሩ። የታችኞቹ 19 ፎቆች እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠማዘዝ፣ ግድግዳ የሌለው የመኪና ማቆሚያ ናቸው። መኪናውን የሚያወጣውና የሚያወርደው ባለቤቱ ሳይሆን ሠራተኛ ነው። ከ21ኛው እስከ 60ኛው ሰው ይኖራል፤ በሁለቱ ማማዎች 896 ቤቶች አሉ። ከሥር ቲያትር፣ ቦውሊንግ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ሱቅ፣ የጀልባ ማቆሚያ ታስቦ ነበር፤ ከተማ በከተማ ውስጥ። 20ኛውን ፎቅ ግን ለብቻው ላንሳው፤ የልብስ ማጠቢያው እዚያ ነው። ሌላው ሕንፃ ማጠቢያውን መስኮት የሌለው ምድር ቤት ይወረውራል። እዚህ አንሶላ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ሰው ዙሪያውን ከተማውን ያያል። ስለ ጎልድበርግ ሰውነት ከበረንዳዎቹ በላይ የሚመሰክርልኝ ይሄ ነው።

ወደ ቤቱ እንግባ። ክቡ ፎቅ እንደ ድፎ ዳቦ በ16 ይቆረጣል። ስቱዲዮ አንድ ቁራሽ ነው፤ ባለ አንድ መኝታው አንድ ተኩል፣ ባለ ሁለቱ ሁለት ተኩል። የሚገባው በቁራሹ ቀጭን ጫፍ በኩል ነው። ወጥ ቤቱና መታጠቢያው እዚያው ጠባቡ ጋ ተጨናንቀዋል። ወደፊት በተራመዱ ቁጥር ግድግዳዎቹ ይራራቃሉ፣ መጨረሻው ዳር እስከ ዳር መስተዋት ነው፣ ከዚያ ግማሽ ክብ በረንዳ፣ ከዚያ ወንዙና ሰማዩ። እቅዱን በወረቀት አይቼ መጫወቻ መስሎኝ ነበር። ስገባ ግን ገባኝ፦ ክፍሉ ሰውን ይገፋል። በሩ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው አይኖርም፤ እግር ራሱ ወደ ብርሃኑ ይሄዳል።

ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት። ስልኩን ዙሪያውን አዞርኩላት። ብዙ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ጥጉ የት ነው?» አለችኝ።

«የምን ጥግ?»

«ሥዕሉ የሚሰቀልበት፣ የምጸልይበት። ቤቱ ጥግ የለውም እንዴ?»

ስለዚህ ሕንፃ ከሰማሁት ሂስ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የለውም። ትክክለኛ ማዕዘን የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ሁሉም የሚሠራው ጥግ አለ ተብሎ ነው። እዚህ ከኋላው ሦስት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይተርፋል፣ አቧራውም እዚያ ይከማቻል። ጎልድበርግ በቀጥታ መስመር ላይ ማመፁን አልደበቀም፤ የአመፁን ሂሳብ ግን የሚከፍለው ቁም ሳጥን የሚገፋው ሰው ነው።

ክብ ቤት ለኛ እንግዳ አይደለም። ችግሩ ይሄኛው ክብ በተቃራኒው መሆኑ ነው። ጎጆ መሀሉ ላይ ምሰሶ አለው፣ ሰው ምድጃውን ከቦ ፊት ለፊት ይተያያል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከቅኔ ማሕሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ፣ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እየከበረ ይሄዳል። ማሪና ሲቲም ምሰሶ አለው፤ መጀመሪያ መሀሉን ያለውን የኮንክሪት ግንድ አቁመው ነው ፎቆቹን ዙሪያውን የሠሩት። ነገር ግን መሀሉ ላይ ያለው ሊፍት፣ ቧንቧና የቆሻሻ መጣያ ነው። የከበረው ሁሉ ዳር ላይ ነው። የተገለበጠ ጎጆ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለጎረቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ውጭ ያያል። በአንድ ፎቅ 12 ቤት አለ፣ ከ53ኛው በላይ ደግሞ 8፤ በሮቹ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ቀለበት ኮሪደር ዙሪያ ተደርድረዋል። ቀለበት ላይ ደግሞ ሰው ከሩቅ ሲመጣ አይታይም፤ ድንገት ይገጥማል ወይም ሳይገጥም ይቀራል። በመስተዋቱ በኩል ዓለምን እያየሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንዳለ ሳላውቅ አሥር ዓመት መኖር እችላለሁ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ብቸኛ ሰው፣ ወይም ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት ተስማሚ ነው፤ የታሰበውም በብዛት ለነሱ ነበር። ስድስት ወር ልትቀመጥ ለምትመጣ እናት ግን አልታሰበም።

ጋዝ የሚባል ነገር ቤቶቹ ውስጥ የለም። ማሞቂያው፣ ማቀዝቀዣው፣ የሙቅ ውኃው ጋን፣ ሁሉም በየቤቱ ነው፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው፣ ሂሳቡም የራስ ነው። የቺካጎን ጥር የሚያውቅ ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ያንብበው። በሌላ በኩል አስተዳደሩ ማሞቂያ እስኪከፍት ድረስ ካፖርት ደርቦ መቀመጥ የለም። ምጣዳችን ለነገሩ ድሮም የኤሌክትሪክ ነው። የሚያሳስበኝ ዕጣኑ ነው፤ ቡና ተቆልቶ ዕጣን ሲጨስ ያ ቀለበት ኮሪደር ሽታውን አዙሮ አዙሮ ለሁሉም ያድላል። ምናልባት ጎረቤት የምንተዋወቀው በዚያ ይሆናል።

ሕንፃውን ከጎልድበርግ እቅድ እኩል የለወጠው ግን ወረቀት ነው። መጀመሪያ ሁሉም ቤት የኪራይ ነበር። በ1977 ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወረ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ቃል ዕጣ ማለት ነው፤ 20/80 እና 40/60፣ ባንክ ውስጥ ዓመታት የተጠበቀ ቁጠባ፣ «ደረሰኝ» የሚል እልልታ። ቃሉ ከሕጉ ተነጥሎ የሕንፃ ዓይነት ስም ሆኗል። በመሠረቱ ግን እዚህም እዚያም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ግድግዳው ውስጥ ያለው ያንተ፣ ግድግዳው፣ ጣራው፣ ሊፍቱ፣ ቧንቧው የሁላችሁ። ማለትም አንዲት ቁራሽ ድፎ የገዛ ሰው ሳያውቀው እድር ገብቷል። ወርሃዊ መዋጮ አለ፣ ዳኛና ጸሐፊ አለ፣ ጸብ አለ። ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ደግሞ ልዩ መዋጮ ይጣላል፤ አልከፍልም ማለት አይቻልም። እኛ አገር እድር ከመግባቱ በፊት ደንቡንና ዳኛውን የማይጠይቅ ሰው የለም። እዚህ ግን ስንቱ ሰው የበረንዳውን እይታ አይቶ ይፈርማል። ከታች ያለው የንግድ ክፍል ደግሞ እድሩ ውስጥ የለም፤ ቲያትሩ የሙዚቃ ቤት፣ የቢሮው ሕንፃ ሆቴል ሆኖ በሌላ ባለቤት እጅ ነው። የሠራተኛው ማኅበር «ከተማ በከተማ ውስጥ» ዛሬ አንድ ቅርፅ፣ ብዙ ባለቤት ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ኮንክሪት ዘላለማዊ ይመስላል፣ አይደለም። በቀጭን ስንጥቅ ውኃ ይገባል፣ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ያበጠው ኮንክሪቱን ይፈነቅለዋል። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ውኃው ክረምቱን ሙሉ እየረጋ እየቀለጠ ሥራውን ያፋጥናል። በዚህ ሕንፃ 16 ግማሽ ክብ በ40 ፎቅ ሲባዛ በአንድ ማማ 640 የበረንዳ ጠርዝ፣ ሁሉም ለዝናብና ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ከማዶ ሲታይ የበቆሎው ፍሬ የሚመስለው ውበት፣ ለገዢ ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጥገና ዝርዝር ነው። ከተማው ከ80 ጫማ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች ውጫዊ ግድግዳቸው በየጊዜው እንዲመረመር ያስገድዳል፤ እሱ አንድ መጽናኛ ነው።

ሰኔ 24 ቀን 2021 ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ ውስጥ ባለ 12 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። በ1981 የተሠራ ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ ጥገናውና ስለ መዋጮው ዓመታት ሲከራከሩ ነበር። ያ ሌላ ባሕር ዳር፣ ሌላ አሠራር ነው፤ ማሪና ሲቲን ከእሱ ጋር ማመሳሰል ቀሽም ሂስ ይሆናል። ግን ከዚያ ወዲህ ባንኮች ለኮንዶ ብድር ሲጠየቁ ስለ መጠባበቂያው ገንዘብና ስለተንከባለለ ጥገና አጥብቀው ይጠይቃሉ። እኔም ከባንክ አላንስም። የኢሊኖይ ሕግ ገዢ ሲጠይቅ ሻጩ ደንቡን፣ የመጠባበቂያውን መጠን፣ በያዝነው ዓመትና በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የታሰበውን ትልቅ ወጪ፣ በፍርድ ቤት ያለ ክስ ካለም እንዲያሳይ ያስገድደዋል። ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ለዚህ እንደሚጠቅመኝ አላውቅም ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ማንበብ ግን የተረት ሰሚ ጆሮ ይፈልጋል። «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ» የሚለው ስንት ጊዜ ተደገመ? ማን ጠየቀ፣ ማን ዝም አለ?

ሌላም አለ። በኢሊኖይ ሕግ 75 በመቶ የሚሆነው ባለድርሻ ከተስማማ ሕንፃው በሙሉ ለአንድ ገዢ ሊሸጥ ይችላል፤ የቀረው ቢያለቅስም አብሮ ይሸጣል። ቺካጎ በ2019 ይህን ወደ 85 በመቶ ከፍ አድርጋዋለች። በ2016 ደግሞ ከተማዋ ማሪና ሲቲን በቅርስነት መዝግባለች። ልብ በሉ፣ የተጠበቀው በቆሎው ነው። ቅርፁን ማንም አይነካውም፤ እኔን ግን ከ15 በመቶው ውስጥ ከሆንኩ ማንም አይጠብቀኝም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ታዲያ እንግዛው እላለሁ። ቺካጎ ውስጥ በዚህ ገንዘብ የሚገኘው ሌላው ቤት ዝቅ ያለ ጣራ፣ ረጅም ጨለማ ኮሪደር፣ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ መስኮት ያለው ሳጥን ነው። እዚያ ጥግ ሞልቷል፣ ብርሃን የለም። ማሪና ሲቲ ለሰው የሚለው ነገር አለው፤ ሊፍት ነጂ ያዋጣበት ሕንፃ ውስጥ ወንዝ እያዩ መነሣት ይቻላል ይላል። ስህተቱም እውነተኛ ሐሳብ ያለው ሰው ስህተት ነው።

ዋጋ አቅርበናል፤ ወረቀቶቹ ተገላብጠው እስኪያልቁ ድረስ መውጣት እንድንችል አድርጎ ጠበቃው ጽፎታል። ባለቤቴ የበሩን ወርድና የአልጋውን ራስጌ ለክቶ መጥቷል፤ ይገባል፣ ቁም ሳጥኑ ግን ይቀራል። ለእማዬ ሥዕል ከመስተዋቱ በስተግራ፣ ግድግዳው ከመጠምዘዙ በፊት፣ አንድ ክንድ የምታህል ቀጥ ያለች ቦታ አግኝቻለሁ። የሦስት ዓመቱ ቃለ ጉባኤ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምፈልገው «በረንዳ» የሚለውን ቃል ነው።